ባልቴቷና ሰው የሚያቆመው ወንበር

እግራቸው ቢከዳቸውም ምላሳቸው ያልከዳቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን ቀበሌው ሰው የሚያቆም ወንበር ሊሰጣቸው ጠራቸውና በጎረቤት ጀርባ ታዝለው ሄዱ። ወንበሩ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ጉልበትን በቀበቶ ደገፍ ያደርጋል፤ አዝራሩ ሲነካ ደግሞ ሞተሩ መቀመጫውን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይገፋውና የተቀመጠው ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልክ እንደ እኔና እንደ እናንተ!

ወንበሩን የሚያስረክቡት ባለሥልጣን ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። ባልቴቷ ብቻ ከአግዳሚው ንቅንቅ አላሉም።

ባለሥልጣኑ ፊታቸው ጠቆረ። «እኚህ ሴትዮ ለእንግዳ መነሣት አያውቁም እንዴ? በሉ፣ ወንበሩ አክብሮት ለሚያውቅ ሰው ይሰጥልኝ!»

ሰዉ ሁሉ ደነገጠ። ባልቴቷ ግን ፈገግ ብለው፣ «መነሣቱንስ አውቅበታለሁ ጌታዬ፤ የምነሣበትን እግር ግን እርስዎ ይዘውብኛል። ይስጡኝና ልነሣልዎ!» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሥልጣኑም አፈሩና ወንበሩን አስረክበው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ባልቴቷም ጎረቤታቸው ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጣቸው አዝራሩን ተጭነው ዝግ ብለው ቀጥ አሉ። ከዚያ ባለሥልጣኑን ቁልቁል አይተው፣

«ምነው ጌታዬ፣ ባልቴት ቆማ እርስዎ ይቀመጣሉ? ወንበሩ ለእርስዎም ያስፈልግዎ ነበር እንዴ?» አሏቸው።