ፀሐይን በገበቴ የለኩ ሰዎች

አንድ ሰው ነበረ። ስለ ፀሐይ መብራቱ የጠየቅኸኝን አልዘነጋሁም፤ መጀመሪያ የሱን ስማ።

ኑሮው ጨዋማ ሐይቅ ዳር ነው። የአገሩ ሰው የሐይቁን ውኃ በትልቅ ጋን እየጣደ፣ እንጨት እየማገደ፣ ጨው አውጥቶ ይሸጥ ነበር። ሲማግዱ ሲማግዱ ዱሩ አለቀ። የቀረችው ከምንጩ ራስ ያለችው ጫካ ብቻ ሆነች። ያቺ ከተቆረጠች ምንጩ እንደሚደርቅ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «እሷም ትቆረጥ» አሉ። ምን ያድርጉ፣ ጨው ካልሸጡ አይበሉም።

ይህ ሰው ግን እምቢ አለ። በገበቴ የሐይቅ ውኃ ቀድቶ ፀሐይ ላይ አዋለና የደረቀችውን ጨው አሳያቸው። አንድ ባለጸጋ በጣቱ ጠርጎ ላሳትና ሳቀ።

«ጎሽ፣ ለአንድ ወጥ ትበቃለች። ለአገር ግን እንጨት ነው። ደግሞስ ክረምቱን ፀሐይህን ከየት ልታመጣት ነው?»

ሰዉም አብሮ ሳቀ። ሰውየውን አንገበገበው። «ያነሰችው ገበቴዬ ናት እንጂ ፀሐይዋ ምን አጠፋች? ይህን በጋ ታገሡኝ» አለ። በግድ ታገሡት።

ዶማውን ይዞ ከሐይቁ እስከ ማሽላ እርሻው ቦይ ይቆፍር ጀመር። ሚስቱ ደረሰችበት። ጨው የገባበት መሬት ዳግመኛ እህል እንደማያበቅል አልጠፋትም።

«አንተ ሰው፣ ልጆቹን ምን ልታበላቸው ነው?»

«ጨው ሸጬ አበላቸዋለሁ።»

«ጨዉ እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ካለ ትረግሚኛለሽ። ምንጩ ከደረቀ ግን ማሽላውስ ማንን ያኖራል?»

ተናዳ ወደ ቤት ተመለሰች። ቆይታ ግን እሷም ዶማ አነሣች። መሬቱን ረግጠው አጠበቁት፣ በአፈር እርከን ከፋፈሉት። ከዚያ ሰውየው የቦዩን አፍ ከፈተና የሐይቁን ውኃ በእርሻው ላይ ለቀቀው። አገሩ «አበደ» አለ።

በጋው ሲገፋ እርሻው ነጣ። ጨውን በአካፋ ይዝቁት ጀመር። ሰውየው ሁሉንም አልሸጠም፤ ጎተራ ሠርቶ ለክረምቱ ከተተ። ክረምት ገብቶ ደመናው ሲጫን ያ ባለጸጋ፣ ጫካዋ ስላልተቆረጠች እንጨት አጥቶ፣ ጋኑ ቀዝቅዞ፣ ጨው ፍለጋ መጣ። ሰውየው ያችኑ ገበቴ ሞልቶ ሰጠው።

«እንካ» አለው፤ «ለአንድ ወጥ ትበቃሃለች።»

እንግዲህ አንተ፣ ሜዳ ሙሉ የፀሐይ ሰሌዳ ቢዘረጋ ከተማ ያበራል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። እናትህ ጣሪያ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ፣ አንድ አምፖል የምታበራውን አይተህ ነው። እሷ ገበቴዋ ናት። ሌሊቱስ ትለኛለህ፤ ለሌሊቱ ባትሪ አለ፣ ውኃ ያቆረ ግድብ አለ፤ ጎተራው እሱ ነው። በጋ አይዘንብም ብሎ እርሻ የተወ ገበሬ እስካሁን አላየሁም። መሬት ይፈጃል ካልክ አዎ፣ ይፈጃል፤ ያም ሰው ማሽላውን ሰጥቷል። በነጻ ነው ያለህ የለም። ፀሐይ አትበቃም ግን አትበለኝ። አልዘረጋንላትም በል።