ሙሽራው ዓሣ ለማን ይሰጥ?

በአንድ ወቅት አዳማ ውስጥ እትዬ ፋናዬ የሚባሉ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ደንበኛቸው ከተማ ሲቀይር ወርቃማ ዓሣውን ከነመስታወት ገንዳው ትቶላቸው ሄደ። እትዬ ፋናዬ ዓሣ የሚያውቁት ተጠብሶ ነው። ይሄን ግን ገና ሲያዩት ወደዱት፤ ስሙንም «ሙሽራው» አሉት።

እንግዳ ቤታቸው ገብቶ ምንም ሳይቀምስ እንዲወጣ የማይፈቅዱ ሴት ናቸው፤ ሙሽራውንም እንደ ሰው ያዙት። ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ ቁራሽ ዳቦ እየተሰጠው «እስቲ አጉርሰው» ይባላል። ሙሽሪት ታጎርሳለች፣ ሚዜ ያጎርሳል፣ የሙሽሪት አክስት «ከእኔም ይቅመስ እንጂ» ትላለች። ዓሣ ደግሞ በቃኝ አያውቅም። ታዲያ አንድ ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ፣ በጎኑ ተጋድሞ፣ በደፈረሰና በሚሸት ውሃ ላይ ተንሳፍፎ አገኙት። እትዬ ፋናዬ ጮኹ፤ ግቢው ተሰበሰበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አልነፍጋቸውም፦ «አላውቅበትም፣ አስተምሩኝ» ብለዋል። ስንቱ ሰው ይሄን ማለት አቅቶት ስንት ነገር ገድሏል።

መጀመሪያ የደረሰችው ግቢው በር ላይ ፀጉር ቤት ያላት ዘይነባ ናት። እትዬ ፋናዬ ገንዳውን እንዳለ ደፍተው የቧንቧ ውሃ ሊሞሉበት ሲሉ እጃቸውን ያዘች።

«ይተዉ እትዬ! የቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይገድለዋል። ደግሞ ውሃው ሁሉ ባንዴ አይቀየርም።»

በበርሜል ቀድታ ያሳደረችውን፣ መድኃኒቱ የተነነለትን ውሃ አመጣች፤ ገሚሱን ቀድታ ደፍታ በዚያ ተካች። በማግስቱም እንዲሁ። በዚያው ሰሞን የቧንቧው ውሃ ስለጠፋ፣ ያጠራቀመችውም ለዓሣው ስላለቀ፣ ፀጉር የምታጥብበት አጥታ ፀጉር ቤቷን ለጥቂት ቀን ዘጋች።

ባጃጅ ነጂው ገመቹ ግን ዓይኑን የጣለው ዳቦው ላይ ነው። «ሆዱ እስኪጎድል ማንም እንዳያጎርሰው» አለና ባጃጁን በር ላይ አቁሞ እንግዳውን ሁሉ ይፈትሽ ጀመር። ከእትዬ ፋናዬ ታላቅ ወንድም እጅ እንኳ ቁራሽ ነጥቋል።

«በቤቴ ሰው ታዋርዳለህ? አንተ ጨካኝ!» ብለው እትዬ ፋናዬ አኮረፉት።

«ያኩርፉ፤ እሱ ግን ይድናል» አለ። ውሃው ከዚያ ወዲያ አልደፈረሰም።

ዓሣው ግን አሁንም በጎኑ ነው። ይሄኔ ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ወልደየስ መጡ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ድምፃቸውን የሰማ የለም።

«ሆድ ድርቀት ነው» አሉ።

አተር ክክ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ በርበሬ ቀቀሉ። እንዲህ ያለ ወጥ በዚያ ግቢ ተሠርቶ አያውቅም። ፍርፋሪዋን በጣታቸው ይዘው «በል እንጂ ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ» እያሉ ሲለማመጡት ዋሉ። አመሻሹ ላይ አፉን ከፈተ። በማግስቱ ሆዱ ቀለለለት፤ ቀጥ ብሎ ዋኘ። ግቢው በእልልታ ቀለጠ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። እትዬ ፋናዬ ዓይናቸው ደክሞ መስፋት ስላቃታቸው ልጃቸው ድሬዳዋ ልትወስዳቸው መጣች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ መንገድ ዓሣ አይጓዝም።

«ላዳነው ሰው እሰጠዋለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሦስቱም መጡ። ያዳኑትን ነገር መተው እንዴት እንደሚከብድ ያዳነ ያውቀዋል።

«ውሃው ባይቀየር እናንተ ሳትደርሱ ሞቶ ነበር» አለች ዘይነባ። «ነገም ቢሆን ውሃ የሚገኘው እኔ ጋ ነው።»

«አንቺ ብትቀይሪም እኔ ባልከለክል ማታውኑ ይደፈርስ ነበር» አለ ገመቹ። ቀጥሎም «እትዬ ደግሞ እስካሁን አኩርፈውኛል። ሳንታረቅ ሊሄዱ ነው፤ ለእኔ ቢሰጡኝ እንደታረቁኝ በቆጠርኩት» አለ።

«ቀና ያለው በእኔ እጅ ነው፤ ሁላችሁም አይታችኋል» አሉ ጋሽ ወልደየስ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሱ ከታመመ ወዲህ የማዋየው አገኘሁ።»

እትዬ ፋናዬ ገንዳውን አቅፈው ደጁ ላይ ቆመዋል። ሻንጣው መኪናው ላይ ተጭኗል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ሙሽራው ደግሞ አንድ ነው፣ አይከፈልም።

እንግዲህ እናንተ ገላግሏቸው፦ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ገንዳውን በማን እጅ ታስቀምጡ ነበር?