ይማም አልፏል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ እመት ዘምዘም የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አራት ልጆች አሏቸው፤ አራት አልኩ እንጂ ቤት ያሉት ሦስቱ ናቸው። እኔ የማወራችሁ የአራተኛውን ነገር ነው። እና ጆሯችሁን ስጡኝ። መሐል ላይ እየገባ «መጨረሻው ምን ሆነ?» የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፤ መጨረሻውን እኔም አላውቀውም።

አራተኛው ያልኩት በዕድሜ ሳይሆን ከቤት ስለራቀ ነው፤ ይማም ይባላል። የመርከብ ሞተር ተማረና የባሕር ሰው ሆኖ ወጣ። ባሕር አይቶ በማያውቅ ቤት ይኼ ቀላል ነገር መስሏችኋል? እናቱ «ውሃ ላይ እንዴት ይተኛል?» እያሉ ስንት ቀን እንቅልፍ አጡ። እሱም ሊያጽናናቸው፣ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጫነና «ይማም» ብሎ ስሙን ሰጣት። መርከቡ ወደብ ሲደርስ በእሷ በኩል ፎቶ ይልካል፣ ይጽፋል፣ ሲናፍቅም በኮምፒውተሩ ካሜራ እናቱን ያያል።

ኮምፒውተር ማለት ደግሞ እንደ ግቢ ነው። ዙሪያውን ፋየርዎል የሚሉት አጥር አለው፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ «ተመለስ!» ይላል። የቤቱ ሰው «ይኼንን አሳልፈው» ብሎ ልዩ ፈቃድ የሰጠውን ብቻ ያሳልፋል። ይማም ያንን ፈቃድ ለገዛ ስሙ ሰጠ።

«እማ፣ ለኔ በር ትቻለሁ። አደራ፣ እንዳይዘጋ» አላቸው።

እመት ዘምዘም ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። «ሰማችሁ? የአደራ በር ነው። አደራ በላ ልጅ የለኝም» አሉ። ሦስቱም «እሺ እማ» አሉ።

መጀመሪያ ፎቶው እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። የወደብ ክሬን፣ የማያውቁት ዓሣ፣ የሞተር ግራሶ የተለቀለቀ የይማም ፊት። ከዚያ አንድ ቀን ቆመ። የመርከቡ ባለቤቶች «መርከቡ ጠፍቷል፣ እየፈለግን ነው» አሉ፤ ቆይተው እነሱም ዝም አሉ። ሬሳ የለ፣ መርዶ የለ። ጎረቤት «ኧረ እመት፣ ልቅሶ ይቀመጡ፣ ይውጣልዎ» ቢላቸው፣ «መርዶ ያልመጣለት ሰው አልሞተም» ብለው ድርቅ አሉ። በየቀኑ የአስርን ሶላት ሰግደው ወንበራቸውን ይስቡና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ያወሩታል። «ዛሬ በቆሎው ደረሰ። የታላቅህ የእንድሪስ ትንሿ ልጅ ጥርሷ ወለቀ» ይሉታል። የኮምፒውተሩ መስታወት አይመልስም።

ክረምት መጥቶ ሄደ። ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። ሁለተኛው ልጅ ሙሄ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የደኅንነት ፍተሻ የሚያደርግ ፕሮግራም፣ ያውም አማርኛ የሚናገር፣ ጫነበትና ፍተሻውን አስጀምሮ ወደ ሱቁ ሄደ። እናትየው ፊደል አልቆጠሩም። ፍተሻው ሲያልቅ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ትንሿ ልጃቸው ጦይባ ጎንበስ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች።

«ማስጠንቀቂያ። ልዩ ፈቃድ። ይማም፦ አልፏል።»

በቃ! ጉድ ፈላ። እመት ዘምዘም ሻሻቸውን ወርውረው ጮኹ። ጦይባም ያነበበችው ሲገባት ከእናቷ ብሳ ጮኸች። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። «ማን አረዳቸው?» «ኮምፒውተሩ!» «ዘንድሮ መርዶም በኮምፒውተር ሆነ?» የቅሬው፣ የእድሩ ማለቴ ነው፣ ሰዎች ድንኳን ሊያወጡ ሄዱ። ይኸው እኮ ነው፣ እኛ «አለፈ» ካልን ሰው ሞቶብናል ማለት ነው። የት አገር የተቀመጠ ተርጓሚ እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት ቃል ቆጥቦ ሰፈር አስለቀሰ።

ሙሄ እየሮጠ ገባ፣ ጽሑፉን አየ፣ ሳቁና ለቅሶው ተቀላቀለበት። «ኧረ በአላህ ተዉ! ሞተ አይደለም የሚለው! አጥሩን አልፏል ነው የሚለው! ፈቃድ ስላለው አልፎ ገብቷል ማለት ነው!»

ለቅሶው ቆመ። እመት ዘምዘም አይናቸውን ጠረጉ።

«መቼ ነው ያለፈው?»

ሙሄ ስክሪኑን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዛሬ ጧት» አለ።

«እና ዛሬ ጧት አልፎ ከገባ፣ ልጄ የት አለ?»

 በነገር ሁሉ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ከሚለው ሰፈር ያን ቀን አንድም አብሽሩ ያለ አልተገኘም። እያንዳንዱ ጫማውን እየፈለገ ወጣ።

ልጆቹ በዚያ በር ምን እንዳለፈ ፈተሹ። የገባ ፎቶም ጽሑፍም የለም። የወጣ ግን አለ። ፎቶ። እመት ዘምዘም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የትናንቱ፣ የዚያ ሳምንቱ፣ የክረምቱ። አንዱ ላይ አፋቸው ተከፍቷል፤ እያወሩት ነበር። አንድ ነገር ያን ሁሉ ጊዜ በይማም ስም ገብቶ ሲያያቸው ከርሟል፤ አንድ ቃል ሳይተነፍስ። አንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ ከኋላቸው የእንድሪስ ትልቋ ልጅ ልብሷን ስትቀይር ትታያለች። 

ሙሄ አስረዳቸው። «ይኼ ማስጠንቀቂያ ሌባ ገባ ማለት አይደለም፤ ሰላም ነው ማለትም አይደለም። በር ክፍት ነው፣ የከፈተው ከቤት ነው፣ የሚገባውን ታውቁታላችሁ ወይ ብሎ መጠየቁ ነው። አጥሩ ስም እንጂ ፊት አያይም። ይማም ራሱ ሊሆን ይችላል። የይማምን ኮምፒውተር ያገኘ ሰው ሊሆን ይችላል። የእሱ ኮምፒውተር ሰው በሌለበት ብቻውን ተከፍቶ ቤቱን እየጠራ ሊሆን ይችላል።»

ይኼ የመጨረሻው ነው እመት ዘምዘምን ያንሰፈሰፋቸው። ሰው በሌለበት ስሙ ብቻውን ሲጣራ!

እንግዲህ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ሦስቱ ልጆች ሦስት ነገር አደረጉ። እዚህ ጋ ልብ በሉ።

ሙሄ እውቀት ያለው ነው። በሩን አልዘጋም፤ አጠበበው። ካሜራው ላይ ፕላስተር ለጠፈ፣ ፈቃዱንም ጽሑፍ ብቻ እንዲያልፍ አድርጎ ቆረጠው። «ይናገር፣ ግን አይይ» አለ።

እናቱ «ልጄ ሊያየኝ ቢሆንስ የመጣው? ከኔ ፊት በቀር የቀረው ነገር ባይኖርስ?» ብለው ጠየቁት።

«እማ፣ ልጅሽ ከሆነ ይናገራል» አላቸው።

ጦይባ ደፋር ናት። በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ከእናቷ ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለችና ጻፈች። «ወንድሜ ከሆንክ፣ ልጅ ሆኜ ምን እያልክ ነበር የምትጠራኝ?» ይማም ብቻቸውን ሲሆኑ «እንኮይ» ይላት ነበር፤ የእንኮይ ፍሬ ስትሰርቅ ከዛፍ ወድቃ አገጯ ተተርትሮ፣ እሱ ተሸክሞ ስላመጣት። ይቺን ስም ከሁለቱ በቀር የሚያውቃት የለም።

«ሌባ ቢሆንስ? እንደምንጓጓ ነገርሽው እኮ» አላት እንድሪስ።

«ወንድሜ ቢሆንስ? ደጅ ቆሞ ማን ነህ የሚለው አጥቶ ቢሆንስ?»

እንድሪስ ታላቅየው ነው። የመጋዘን ዘበኛ ነው፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱም ዘበኛ እሱ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ከበሩ ጥግ ቆሞ የሙስበሃውን ዶቃ እየቆጠረ ያይ ነበር።

ረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል ወጣ።

እ

ጦይባ የእናቷን እጅ ጨመቀች። ቆየ። ቆየና ሌላ ተጨመረ።

እን

ወዲያው ፍተሻው ቀይ ሆኖ ጮኸ። ከኋላቸው የቆመው ሙሄ አነበበው። «አዲስ ልዩ ፈቃድ ተጠይቋል። ሁሉም ይለፍ?»

«ማነው ሁሉም?» አለ እንድሪስ። «ይማም አንድ ሰው ነው። ከኋላው ማን አለ?»

«ቆይ! እየጻፈ ነው! በአላህ ቆይ!» ጦይባ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

እንድሪስ ገፋ አደረጋትና ፈቃዱን ሰረዘ። ያም አልበቃው፤ ተመልሳ እንዳትከፈት ብሎ «ይማም» የምትባለውን ፕሮግራም ከነሥሯ አጠፋት። ፍተሻው አረንጓዴ ሆነና አንድ መስመር ጻፈ።

«ያለፈ የለም።»

ጦይባ እሪ አለች። «እንኮይ ሊለኝ ነበር! በአፉ ላይ ነበር! ወንድሜን ከደጅ መለስከው!»

«በእን የሚጀምር ነገር ሞልቷል» አለ እንድሪስ። ላብ አስምጦታል። «የኔም ስም በእን ነው የሚጀምረው። ልጆቼ እዚህ ቤት ነው የሚያድሩት። ሁሉም ይለፍ ያለን ነገር ወንድሜ ብዬ ላስገባ?»

ሙሄን ጠየቁት፤ ያው አዋቂው እሱ አይደል? «ሌባ እንዲያ ይላል» አለ። «የተጎዳ ኮምፒውተርም ግራ ሲገባው እንዲያ ይላል። አላውቅም።» አለቀሰ። ሌላ ምን ይበል?

ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። ይማም አልመጣም፣ ሌባ አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። እመት ዘምዘም የግቢውን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው ሦስቱ ፊት አስቀመጡ።

«እኔ ዛሬ አለሁ፣ ነገ የለሁም። ይኼ ቤት ከነምርቃቴ የአደራ በሬን ለጠበቀልኝ ልጅ ነው። ማነው የጠበቀው?»

«እኔ» አለ እንድሪስ። «በር የሚጠበቀው ለሚዘጋበት ቀን ነው። አደራ በላ ብትይኝም ቤቱ ዛሬም ሙሉ ነው።»

«እኔ» አለ ሙሄ። «እሱ ዘጋው፣ እሷ በረገደችው። እኔ ብቻ ነኝ የሚሰማ በር የሠራሁት።»

«እኔ» አለች ጦይባ። «ሁለቱ በሩን አዩ። ደጅ የቆመውን ማን ነህ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌው ለሁለት ተከፈለ፣ ቀጥሎ ለሦስት። አንዱ «ወንድም ቢሆን ‹ሁሉም ይለፍ› ብሎ በሩን አያሰፋም» አለ። ሌላው ተነሳበት። «አንተ ስትደክም በአንድ ትከሻህ ነው ቤትህ የምትገባው? የደከመ ሰው በሩን በሙሉ ይፈልጋል!» ሦስተኛው ደግሞ «የእናትን ፊት ከልጇ የሸፈነው ሙሄ ነው፤ ቢያያት ኖሮ ቶሎ ይጽፍ ነበር» ብሎ ነገሩን ጭራሽ አወሳሰበው። ምሳቸውን በልተው ተበተኑ።

እመት ዘምዘም ቁልፉን መልሰው አንገታቸው ላይ አሰሩ። ዛሬም ከአስር ሶላት በኋላ ወንበራቸውን ይስባሉ። ካሜራው ላይ ያለውን ፕላስተር ራሳቸው ልጠውታል፤ ማንም አልተናገራቸውም። «ጦይባ፣ አንብቢልኝ» ይላሉ። እሷም በየቀኑ ያችኑ ታነባለች። «ያለፈ የለም።»

«አልሐምዱሊላህ» ይላሉ እናት። «ልጄ አላለፈም።»

ከኮምፒውተሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጦይባ እንዳትረሳው ያን ቀን በከሰል የጻፈቻቸው ሁለት ፊደላት አሉ። እንድሪስ ቤቱን ኖራ ሲቀባ ዙሪያቸውን እየዞረ ቀባ እንጂ አልነካቸውም። እጁ የማይንቀጠቀጠው እንድሪስ!

በሉ እንግዲህ ተሟገቱ፤ አሁን ነው የመናገሪያ ሰዓቱ። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ያቺን ቃል ጨርሱልኝ። «እን...» ምን ሊል ነበር? ቁልፉስ ለማን ይገባል፦ ለዘጋው፣ ላጠበበው፣ ወይስ ለጠራችው?