የአለቃው ድምፅ ማጉያ

አዲስ የተሾሙት የደብሩ አለቃ «አገልግሎቱን አዘምናለሁ» ብለው በቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ዙሪያ አራት ድምፅ ማጉያ አሰቀሉ። ስብከታቸው የሰው ጓዳ ድረስ ዘለቀ፤ ምእመኑ ግን ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሄደ።

አንድ እሑድ ከአጥሩ ሥር የምትኖር ጥጥ ፈታይ ጠበል ልትቀዳ ስትገባ አዩዋትና በሰው ፊት አስቆሟት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስብከቴ ቤትሽ ይሰማል አይሰማም?»

ወጥመዱ ገባት። አይሰማም እንዳትል አንዱ ማጉያ ያፈጠጠው በሷው መስኮት ላይ ነው፤ ይሰማል ካለች ደግሞ እያወቀች የቀረች ልትባል ነው።

«ኧረ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ አባቴ!»

«ታዲያ እየሰማሽ ለምን ትቀሪያለሽ? ዛሬውኑ ከመዝገብ አስፍቄሻለሁ! ስትሞቺም ፍትሐት የሚያደርግልሽ የለም!»

ሴትዮዋ ጀሪካኗን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን ላድርግ፣ አባቴ? ገና ጎህ ሲቀድ ቤቴ ይገባሉ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አይነሡም። እንግዳን ቤት ውስጥ ጥሎ መውጣት ደግሞ በአገራችን ነውር ነው። መጀመሪያ እርስዎ ከቤቴ ይውጡልኝ፤ ያኔ እኔ እመጣለሁ።»