ዘጠኝ ሺህ አርባው ዘበኛ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ጥርስ ያለው ይሳቅ።

እንስሳት ከጅብ የሚጠብቃቸው ዘበኛ ሊመርጡ ቢሰበሰቡ፣ ቆጠራ የምትወደው እመት ጦጢት ዳኛ ሆነች። የሁሉንም ጥርስ፣ ጥፍርና ፀጉር ቆጥራ አንድ ላይ ደመረችና በግን ሾመችው። ጥርስና ጥፍሩ አርባ፣ ፀጉሩ ዘጠኝ ሺህ ነበር።

ውሻ ደሙ ፈላ። «እመት ጦጢት፣ ጥርስና ፀጉር ባንድ ቁና ይሰፈራል እንዴ?»

«ድምር ድምር ነው፤ አንተ ምቀኛ!»

በግ ኩራቱ አላስቆም አለው። ደረቱን ነፍቶ በሩ ላይ ተገተረና አያ ጅቦ ብቅ ሲል፣ «ዘጠኝ ሺህ አርባ ነኝ፤ ተመለስ!» ብሎ ጮኸበት።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው ጅብ፤ በላውም።

በማግስቱ ጦጢት ከዛፏ ስትወርድ፣ ጅብ የፀጉር ክምር ይዞ ጠበቃት። «እመት ዳኛ፣ ዘጠኝ ሺሁ ይኸውልሽ፤ አንድም አልነካሁ። የበላሁት አርባዋን ብቻ ነው።»