ግማሽ ገጽ

አንድ ደራሲ አራት ዓመት የደከመበትን ልብ ወለድ ረቂቅ ጨርሶ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ አስቀመጠ። እፎይ ባለ በሦስተኛው ቀን ግን ሌላ ጭንቅ ያዘው፤ «ቀጥሎ ምን ልጻፍ?»

ያልጠየቀው ሰው የለም። መጽሐፍ ሻጩ «ፍቅር ጻፍ፤ ፍቅር ገበያ አያጣም» አለው። የድሮ አስተማሪው «ስለ ነገሥታት ጻፍ፤ ስምህ ይቆያል» አሉት። እሱም ሁሉንም እየሰማ፣ ሁሉንም እየናቀ፣ በረንዳው ላይ ባዶ ወረቀት ታቅፎ ይውል ጀመር።

እዚያው በረንዳ ላይ፣ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ አክስቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጥልፍ ይጠልፋሉ። እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ልማድ ነበራቸው። የጥልፉን ክር ሲቆጥሩ በአማርኛ አይቆጥሩም፤ ቤተሰቡም ሰፈሩም በማያውቀው ቋንቋ፣ በለሆሳስ ይቆጥራሉ። ደራሲው ይህን ልማድ ወስዶ በልብ ወለዱ ውስጥ ላለች አንዲት ሴት ሰጥቷታል። ምክንያቱንም ከራሱ ፈጥሮ፣ አሳምሮ ጽፎላታል። እውነተኛውን ምክንያት ግን ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ቀን አክስቱ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው «ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉት።

«የምጽፈው ታሪክ ጠፋብኝ፣ እቴቴ።»

«ታዲያ ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ። የማወጋህ አለኝ። ሳልነግርህ ብሞት ይቆጨኛል።»

«አሁን ሐሳቤ ይበተንብኛል፣ እቴቴ። የሚቀጥለውን መጽሐፍ ልወስንና ከዚያ ቁጭ ብለን እናወጋለን።»

«ይሁን፣ ሥራህን ያዝ» ብለው ወደ ቆጠራቸው ተመለሱ። ክረምቱ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ ደግመው ጠየቁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ መለሰላቸው። መስከረም በጠባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከመኝታቸው አልተነሱም።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተክለው ሲያበቁ ሊቀ መንበሩ ወደ ደራሲው መጡ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉት። «የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፈው። ደራሲ ባለበት ቤት ሌላ ሰው አናስቸግርም።»

ቀጥሎ የሚጽፈው ነገር እንዲህ ተወሰነለት። በረንዳው ላይ ተቀመጠና የአባታቸውንና የእናታቸውን ስም ጻፈ። ከዚያ በኋላ እጁ ቆመ። የት አደጉ? ማንን አገቡ? እሱን ለማሳደግ ከመምጣታቸው በፊት ከቤተሰቡ ርቀው የኖሩባቸው ሃያ ዓመታት የት አለፉ? በየትኛው አገር ነው መቁጠር የተማሩት? ዘመዶቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም «እሱንማ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ» አሉት። ወደ አእምሮው የሚመጣለት ለልብ ወለዱ የፈጠረው ምክንያት ብቻ ነበር። ያንን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳና አፈረ፤ አለቀሰም። ለሌሉ ሰዎች አራት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው፣ ላሳደጉት ሴት ግማሽ ገጽ መሙላት አቃተው።

ከቀብሩ በፊት አንድ ጎረቤት ወረቀቱን ተቀብሎ ለሐዘንተኛው አነበበ። ገና ከመጀመሩ አለቀ። አንባቢው ቀሪው በጀርባው ያለ መስሎት ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶ ነበር። ቀና ብሎ ደራሲውን ፈለገው፤ ደራሲው አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ደራሲው ዛሬ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ባገኘ ቁጥር እያስቆመ በዚያ ቋንቋ ይቆጥርለታል። የሚያስታውሰው እስከ አራት ድረስ ብቻ ነው። እስካሁን ያወቀለት ሰው የለም።

ወዳጄ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ሩቅ የምንፈልገው ታሪክ ብዙ ጊዜ አጠገባችን ተቀምጦ «ና ላውጋህ» እያለ ይለምነናል፤ እኛ ጊዜ እስክናገኝ ግን አይጠብቀንም። አንተስ፣ ያሳደገህን ሰው የሕይወት ታሪክ ዛሬ ጻፍ ብትባል ስንት መስመር ትሄዳለህ?