ለሦስት ሰዎች የመጣ አንድ ሜዳይ

በአንድ ወቅት፣ እንግሊዞች ኬንያን እየገዙ ከጣሊያን ጋር በሚዋጉበት ዘመን፣ አንበርብር የሚባል ሳጅን ነበር። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሰዶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእንግሊዝ ጦር አገልግሏል። ደረቱ ላይ ሦስት ሜዳዮች ነበሩ፤ ሦስቱንም ያገኛቸው መጋዘን በመጠበቅና በሰልፍ በማማር ነው። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሐሞቱ ፍስስ እንደሚል ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ዘጠኝ ቁስለኞችን በጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል እንዲያደርስ ታዘዘ። የሚነዳው ኢብራሂም የሚባል ወታደር ነበር፤ መንገድ የሚመራው ደግሞ ጉዮ የሚባል የቦረና ሰው። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ጉዮ፣ "በዳገቱ እንሂድ" አለ። ኢብራሂም ግን ቶሎ ለመድረስ ብሎ በደረቀ ወንዝ ውስጥ በሚያልፈው አቋራጭ ገባ። ጥቂት እንደተጓዙ ከፊታቸው ትሮጥ የነበረች ሚዳቋ ከአፈር ጋር ወደ ላይ ተወረወረች። ፈንጂ ነው! ኢብራሂም ፍሬን ያዘ። ዞር ብለው ሲያዩ የመጡበትን የጎማ ዱካ ነፋሱ አሸዋ አልብሶታል።

ጉዮ ወረደ። የተቆፈረውን መሬት ካልተቆፈረው በዓይኑ እየለየ፣ በበትሩ ጫፍ እየዳሰሰ ወደ ፊት ሄደ። መኪናዋ የምታልፍበትን ያህል ስፋት እየተወ ግራና ቀኝ ነጭ ድንጋይ ደረደረ። ወታደር አልነበረም፤ ጥሏቸው ቢሄድ ማንም አይከሰውም።

ኢብራሂም መሪውን ጨበጠ። ዞር ብሎም፣ "ሳጅን፣ እርስዎ በጉዮ ዱካ በእግር ይከተሉ። ለመንዳቱ አንድ ሰው ይበቃል" አለ። ከዚያ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ቀስ እያለ ነዳ። አንዴ የኋላ ጎማው አንዱን ድንጋይ ገፍቶ ከመስመር ወጣ። አንበርብር ዓይኑን ጨፈነ። ምንም አልሆነም።

የወንዙ መውጫ ላይ ግን ሁለት ቋጥኞች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ መሃላቸው ፈንጂ ተቀብሯል።

"ማለፊያ የለም" አለ ጉዮ።

አንበርብር ፈንጂ ማክሸፍን ለሦስት ቀን ተምሯል፤ የተማረው ግን ከእንጨት በተሠራ አምሳያ ነው። መማሩን ከሁለቱ አንዳቸውም አያውቁም። እሱም አልነገራቸውም። ፀሐይዋ ትጋረፋለች፤ ቁስለኞቹ "ውሃ! ውሃ!" ይላሉ። ቆይቶ ከድምፆቹ አንዱ ተቋረጠ። ይሄኔ አንበርብር ተንበረከከ። ሱሪው ረጥቧል። እንደዚያው ሆኖ አፈሩን በጩቤ ጠርጎ ማፈንጃውን ፈትቶ አወጣ።

ስምንቱ ቁስለኞች በሕይወት ደረሱ።

ከወር በኋላ አዛዣቸው የሆነው ሻለቃ ሦስቱንም አስጠራቸው። "የመጣው ሜዳይ አንድ ነው" አለ። "የተሸለመው ናይሮቢ ሄዶ አዲስ ምልምሎችን ያሠለጥናል። ሁለቱ ነገ ወደ ግንባር ይመለሳሉ፤ መንገዱም ፈንጂ አለበት። እኔ አብሬያችሁ አልነበርኩም፤ እናንተው ንገሩኝ።"

"እዚያ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ" አለ ኢብራሂም። "ነድቼ ያወጣኋቸውም እኔው።"

"እኔ ወታደር አይደለሁም" አለ ጉዮ። "ነገም ግን ከሁሉ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ።"

የአንበርብር ተራ ደረሰ። ያንን መሬት ዳግመኛ መርገጥ እንደማይችል ያውቃል። "ፈንጂውን ያከሸፍኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሊያበቃ ፈለገ፤ አፉ ግን ቀጠለ። "ማክሸፍ እንደምችል ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ፈርቼ ስዘገይ አንዱ ቁስለኛ ሞተ።"

ኢብራሂም አቀርቅሮ፣ "ባያከሽፉት ኖሮ ሁላችንም እዚያው እንቀር ነበር" አለ።

"ሰውየው ግን ቀረ" አለ ጉዮ።

ሻለቃው ሜዳዩን በመዳፉ ይዞ ሦስቱን ተራ በተራ አያቸው።

እንግዲህ እናንተ በሻለቃው ቦታ ብትሆኑ፣ ሜዳዩን ለማን ትሰጡታላችሁ? የትኞቹን ሁለት ሰዎችስ ወደ ፈንጂው መንገድ ትመልሳላችሁ?